የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ፒ» ማለት «ጋሼ» ነውን?

ባለፈው እትም ስለ ባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማዎች በሰጠሁት መልስ ውስጥ የታይላንድን «ዋይ» ድራማዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሼ ማለፌ ያልጠበቅሁትን ያህል ደብዳቤ አስከተለብኝ። ላልሰማ አንባቢ ለማስታወስ ያህል፣ «ዋይ» ወይም «ቢ ኤል» (በእንግሊዝኛ «ቦይስ ላቭ») የሚባሉት በሁለት ወጣት ወንዶች መካከል የሚያድግን ፍቅር የሚተርኩ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋን፣ የኮሪያና የቻይና ድራማዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከከተማዋ ዳርቻ ከሚገኙ ሰፈሮች የተላኩ መሆናቸውን ሳይ ጥቂት ፈገግ አልሁ፤ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ረጅም ድራማ ቢለምድ አያስደንቅም። አምስቱን መርጬ ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ

«ዕድሜዬ 27 ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከታላቅ እኅቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ጠዋትና ማታ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ስመላለስ በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ የታይላንድ ዋይ ድራማ እመለከታለሁ። የምከታተለው ድራማ አዲስ ክፍል ባንኮክ ላይ ከምሽቱ 2፡30 ሲወጣ በእኛ አገር ከቀኑ 10፡30 ስለሚሆን፣ ዓርብ ዓርብ እጄ በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢሆንም ልቤ ስልኬ ላይ ነው። እንዲህ ከሆንሁ አምስት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ወር እኅቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና ‹ምን ነክቶሽ ነው?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወንድና ሴት የሚዋደዱበት ድራማ ሞልቶ ሳለ እኔን የሚስበኝ ለምን ይህ ብቻ ሆነ? ጤናዬ ነውን? ስሜ ይቆይ።»

መልስ፦ ጤናሽ ነው፤ ብቻሽንም አይደለሽም። ይህን ዘርፍ የፈጠሩት እንዳንቺ ያሉ ሴቶች መሆናቸውን ብነግርሽ ምናልባት ለእኅትሽ የምትሰጪው መልስ ከዚያ ይጀምር ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በጃፓን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኬይኮ ታኬሚያና ሞቶ ሃጊዮ የተባሉ ሁለት ወጣት ሠዓሊዎች በቶኪዮ ዳርቻ፣ ኔሪማ በተባለው ክፍል፣ ኦይዙሚ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። ሌሎች የዕድሜ እኩዮቻቸው እየመጡ በዚያ ቤት ያመሹ፣ ይሠሩም ነበር። ብዙዎቹ የተወለዱት በጃፓኖች የዘመን አቆጣጠር በሸዋ 24፣ ማለትም በ1949 አካባቢ በመሆኑ «የ24ኛው ዓመት ቡድን» የሚል ስም ወጣላቸው፤ የራሱ የዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ እኛ ብቻ እንዳልሆንን በዚህ አጋጣሚ ልብ ይሏል። እነዚህ ሴቶች የሚሠሩት ለልጃገረዶች በሚዘጋጁ የሥዕል ልቦለድ መጽሔቶች ላይ ሲሆን፣ በመጽሔቶቹ ውስጥ የምትታየዋ ልጃገረድ ሥራዋ መጠበቅ፣ ማልቀስና መመረጥ ነበር። ስለ ፍቅር፣ ስለ ምኞትና ስለ ክህደት በሙሉ ነፃነት ለመጻፍ ሲፈልጉ ግን ያቺ ልጃገረድ ልትሸከምላቸው አልቻለችም። ስለዚህ ታሪኩን ለሁለት ወንዶች ልጆች ሰጡት። ታኬሚያ በ1976 በመጽሔት ማውጣት የጀመረችው ረጅም ሥራ ከዘርፉ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ በ1978 ደግሞ ለዚሁ ብቻ የቆመ መጽሔት ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። ወንድና ሴት በሚዋደዱበት በብዙው ድራማ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ተመልካቿም ወደደችም ጠላችም ራሷን ከእርሷ ጋር ትለካለች። ቆንጆ ናት፣ ደሃ ናት፣ ሀብታሙ ሰው ክንዷን ይዞ ይጎትታታል፣ እርሷም ኋላ ትወደዋለች። በዋይ ድራማ ውስጥ ያቺ መለኪያ የለችም። ሁለቱም ወንዶች ናቸውና አንዱ በተፈጥሮው የሌላው የበላይ አይሆንም፤ ማን ቀድሞ ይናገር፣ ማን ይቅርታ ይጠይቅ፣ ማን ምግብ ያብስል የሚለው ሁሉ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ነው። ከአውቶቡሱ ወርዳ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ማዕድ ቤት የምትገባ ሴት «እራት ማን ይሥራ?» የሚለው ጥያቄ በሁለት ወንዶች መካከል በፍቅር ሲነሣ ማየት ቢያስደስታት እኔ ምንም አይደንቀኝም።

ይህን ስል ዘርፉን ከነጉድፉ አልሸፍነውም። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ አንዱን ወንድ «ሴሜ»፣ ሌላውን «ኡኬ» ይሏቸዋል፤ ቃላቱ ከትግል ስልት የመጡ ሲሆኑ አጥቂና ተቀባይ እንደማለት ናቸው። በዚህ ክፍፍል የተነሣ፣ በተለይም በቀደሙት ሥራዎች፣ አንደኛው «ተው» እያለ ሌላው የሚገፋበት ትዕይንት ጥቂት አይደለም፤ ሙዚቃው ግን ፍቅር ነው ይለናል። እኔ እንዲህ ያለው ቦታ ሲደርስ እዘጋለሁ። ከዚያ ከሚጎተተው ክንድ ሸሽተን መጥተን እዚህም ያንኑ ክንድ ማየት አይገባንም።

ስለ ራሳቸው የሚቀልዱበትም መንገድ አለ። ጃፓናውያን አፍቃርያን ራሳቸውን «ፉጆሺ» ይላሉ። ቃሉ በጆሮ ሲሰማ «ሴቶችና ልጃገረዶች» ከሚለው የተለመደ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ፊደል ተለውጦ «የበሰበሰች ልጃገረድ» የሚል ይሆናል። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፍች፤ እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ነው። «ዋይ» የሚለው የታይላንዶች ስምም «ያኦይ» የተባለ የጃፓን ቃል የመጀመሪያ የላቲን ፊደል ሲሆን፣ «ያኦይ» ራሱ «ጡዘት የለው፣ ማሰሪያ የለው፣ ትርጉም የለው» ከሚሉ ሦስት ሐረጎች መነሻ ቀለማት የተሠራ የራስ ላይ ስላቅ ነው። እኅትሽ ከምትልሽ የከፋውን እነርሱ ራሳቸው ቀድመው ብለውታል።

አንድ ጉዳይ ሳልነካ ማለፍ አልችልም። የእኛ አገር የወንጀል ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለሚፈጸም ድርጊት እንጂ ልብ ወለድ ስለ መመልከት አይደለም፤ ሆኖም የሰፈር ሰው አንቀጽ አንብቦ አያማም። ስለዚህ የምትወጂውን ነገር ለምታምኛቸው ብቻ አካፍዪ፤ በስምሽና በፎቶግራፍሽ በተከፈተ ገጽ ላይ አትለጥፊ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድራማ ያየሽበትን ዓይን በጎረቤትሽ ወንዶች ልጆች ላይ አታሳርፊ። ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ጓደኛሞችን እያየሽ በጨዋታ የምትጥያት አንዲት ቃል በእነርሱ ላይ ምን ልታስከትል እንደምትችል አንቺም ታውቂዋለሽ።

የልጄን ስልክ ነጥቄ ደብቄአለሁ

«የምኖረው ጀሞ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ትምህርቷን የምትወድ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምር ልጅ ናት። ከሳምንት በፊት ሌሊት መብራቷ ሳይጠፋ ስላየሁ ብገባ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች የሚዋደዱበት የእስያ ድራማ ስትመለከት አገኘኋት። ደንግጬ ስልኳን ነጠቅኋት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አባቷ ገና አልሰማም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ስልኩን ይመልሱላት፤ ሲመልሱላት ግን «ታሪኩን ንገሪኝ» ይበሏት። ይህን የምለው ለብልኃት ብቻ አይደለም። ልጅዎ ከምትነግርዎ ነገር ውስጥ ድራማው ለዕድሜዋ የሚመጥን መሆን አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ ይረዳሉ፤ ዘርፉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ለምሳሌ በ2020 በጃፓን የተሠራው «ቼሪ ማጂክ» የተባለው ድራማ 30 ዓመት ሲሞላው የነካውን ሰው ሐሳብ መስማት ስለጀመረ አንድ ዓይነ አፋር የቢሮ ሠራተኛ የሚተርክ ሲሆን፣ እጅ ለእጅ መያያዝ እንኳን በውስጡ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 በታይላንድ የወጣው «ኪንፖርሽ» ግን የማፊያ ታሪክ ነው፤ ደምም፣ የመኝታ ቤት ትዕይንትም ስላለበት ለ16 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ ጀግኖቹ ወንድና ሴት ቢሆኑም ኖሮ ይህንኑ እልዎት ነበር።

የሃይማኖትዎን ትምህርት መስጠት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ በጩኸት የተሰጠ ትምህርት ግን ልጅቷ ዘንድ የሚደርሰው ጩኸቱ ብቻ ነው። ስለ ሌሊቱ ሰዓት ይቈጧት፤ ያ ያስቈጣል። ለአባቷ ምን እንደሚነግሩ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለጎረቤትና ለመምህሯ ግን ባይነግሩ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከቤት የወጣ ወሬ ልጅቷ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ሊከተላት ይችላል።

50 ክፍል ጠብቄ አንዲት መሳሳም አላየሁም

«የ21 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከለቡ ነው የምጽፈው። እኔ ወንድ ብሆንም እነዚህን ድራማዎች እወዳለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አያውቁም። ብዙ ሰው ስላሞገሰው ‹ዘ አንቴምድ› የተባለውን የቻይና ድራማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ 50ውንም ክፍል፣ መብራት ሲጠፋ እያቋረጥሁ ሲመጣ እየቀጠልሁ ተመለከትሁ። ዋሽንት ይነፋሉ፣ በገና መሳይ ነገር ይደረድራሉ፣ በሰይፍ ይበራሉ፣ ይተያያሉ። ሌላ ምንም የለም! ተታልያለሁን?»

መልስ፦ አልተታለልህም፤ የቅኔ አገር ልጅ ሆነህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ቀረህ እንጂ።

ቻይና ውስጥ ይህ ዓይነቱ ልቦለድ «ዳንሜይ» ይባላል፤ በውበት መመሰጥ እንደማለት ነው። በኢንተርኔት በክፍል በክፍል እየወጣ እጅግ ብዙ አንባቢ አለው። ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ግን ሳንሱር ይጠብቀዋል። በ2016 የሁለት ተማሪዎችን ፍቅር በግልጽ ያሳየ «አዲክትድ» የተባለ የኢንተርኔት ድራማ ታሪኩ ሳያልቅ ከአገሪቱ የቪዲዮ መድረኮች ላይ እንዲነሣ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት አዘጋጆች የተማሩት ነገር ቢኖር ፍቅሩን ከልቦለዱ አውጥቶ መጣል ሳይሆን በወዳጅነት ልብስ ሸፍኖ ማስቀመጥ ነው። አንተ ያየኸው የ2019ኙ «ዘ አንቴምድ» የዚህ ጥበብ ከፍተኛው ምሳሌ ይመስለኛል። በመነሻ ልቦለዱ ሁለቱ ሰዎች ፍቅረኛሞች ናቸው፤ በድራማው አንዱ ለሌላው «ዥጂ» ነው፤ ቃሉ ራስህን የምታውቀውን ያህል የሚያውቅህ ወዳጅ ማለት ሲሆን በጥንቱ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ክቡር ቦታ አለው። ሳንሱር የሚያደርገው ሰው «ወዳጅ» የሚለውን ሰምቶ ያልፋል፤ የሚያውቀው ተመልካች ግን ሌላውን ይሰማል።

ወርቁ ከተቀበረባቸው ቦታዎች አንዱን ላሳይህ። የሁለቱ ጀግኖች መጠሪያ ዌይ ዉሺያንና ላን ዋንግጂ ነው። የድራማው ዋና ዜማ ርእስ ደግሞ «ዉጂ» ይባላል። ቃሉ በራሱ «ልጓም የሌለው» የሚል ፍች ስላለው ማንም አይጠይቀውም። በድምፅ ብቻ ከሰማኸው ግን «ዉ» የዉሺያን፣ «ጂ» የዋንግጂ ናት፤ በልቦለዱ ውስጥ ያለው ዜማ ስም ደግሞ ከቀሩት ከ«ዋንግ»ና ከ«ሺያን» የተሠራ ነው። ዋሽንቱና ባለ አውታሩ መሣሪያ ያንን ዜማ አብረው ሲጫወቱ ሁለት ስሞች ተጋጥመዋል ማለት ነው። አንተ የጠበቅኸው መሳሳም እዚያ ነበረ። አሁን ተመልሰህ የመጨረሻውን ክፍል፣ ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ እየው። (እኔ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል።)

ይህ በር በኋላ ጠበበ። በመስከረም 2021 የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ሴታሴት» የሚላቸውን የወንድ ገጽታዎች ከቴሌቪዥን እንዲያስወግዱ ጣቢያዎችን አዘዘ። በአንጻሩ ታይዋን በግንቦት 2019፣ ታይላንድ ደግሞ በጥር 2025 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ስለፈቀዱ፣ በእነዚህ አገሮች የሚሠራ ድራማ የሚደብቀው ነገር የለም። ሆኖም ሰም የሌለው ወርቅ ሁልጊዜ የተሻለ ቅኔ አይሆንም፤ ሁሉን በሦስተኛው ክፍል የሚናገር የታይላንድ ድራማ በስምንተኛው ክፍል የሚለው ሲያጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ተዋንያኑ በእውነት ይዋደዳሉን?

«ከአያት ነው። በ2020 የወጣውን ‹ቱጌዘር› ካየሁ በኋላ የሁለቱን ተዋንያን ቃለ ምልልስ ሁሉ እከታተላለሁ። አንዱ ለሌላው ውኃ ሲያቀብለው፣ አንገቱን ሲያሻሽለት አያለሁ። በእውነተኛው ሕይወት ይዋደዳሉ ወይስ አይዋደዱም?»

መልስ፦ ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ ንግዱ ግን የሁላችንም እንዲሆን ይፈልጋል። ታይላንዶች «ኩ ጂን» የሚሉት ነገር አለ፤ በምናብ የተጣመሩ ጥንዶች ማለት ነው። ኩባንያዎቹ ሁለት ወጣት ተዋንያንን አጣምረው ለአንድ ድራማ ብቻ ሳይሆን ለማስታወቂያ፣ ለኮንሰርትና ከአድናቂዎች ጋር ለሚደረግ ዝግጅት ሁሉ አብረው ያቀርቧቸዋል። ውኃ ማቀበሉ ከሥራው አንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም እንኳ የደግነት ምልክት ነው። ድራማው ራሱ ስለ ሐሰተኛ ጥንዶች መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ታይን የተባለው ተማሪ በፍቅር የሚከታተለውን አንድ የማይፈልገውን ሰው ለማራቅ ሲል ጊታር ተጫዋቹን ሳራዋትን «እንደ ፍቅረኛ ሁንልኝ» ብሎ ይለምነዋል። በአድናቂዎች ዘንድ የሚያሳዝነኝ፣ ከተዋንያኑ አንዱ የሴት ጓደኛ እንዳለችው ሲሰማ ስድብ የሚያዘንቡበት ነው። ተዋናዩ ድራማውን ሸጠልሽ እንጂ ራሱን አልሸጠልሽም።

«ፒ»ን «ጋሼ» ብዬ ብተረጉመው ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ

«የካ አባዶ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተን፣ በር ዘግተን እነዚህን ድራማዎች እናያለን። አንደኛዋ ትምህርቷን ከ8ኛ ክፍል ስላቋረጠች የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ መከተል አትችልም፤ ስለዚህ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ እተረጉምላት ነበር። አሁን በደብተር መጻፍ ጀምሬአለሁ። ችግሬ ይህ ነው፦ ታይላንዶች በየዐረፍተ ነገሩ ‹ፒ› ይላሉ። የበለጠ ዕድሜ ላለው የሚባል ነው ብለው ነገሩኝ። ‹ጋሼ፣ እወድሃለሁ› ብዬ ባነብ ቡናው ተደፋ። እንዴት ልተርጉመው?»

መልስ፦ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ያንቺ ነው። መሳቃቸውም ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አብረን እንየው።

«ፒ» ለታላቅ፣ «ኖንግ» ለታናሽ የሚባል ሲሆን፣ በወንድና በሴት አይለይም፣ ዘመድም መሆን አያስፈልግም። በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጥህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም «ፒ» ነው። «ሶተስ» የተባለው የ2016 ድራማ እንዳለ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ በምህንድስና ፋኩልቲ አዲስ ገቢዎችን በሥርዓት ስም በጩኸት የሚያሰቃይ ታላቅ ተማሪና «አልታዘዝም» የሚል አንድ ፍሬሽማን። እኛ ዘንድ «ጋሼ» የሚባለው ሰው ግን ሽበት ባያበቅል እንኳ ቢያንስ የቤት ኃላፊ የሆነ ነው። የ20 ዓመት ልጅ የ19 ዓመት ልጅ «ጋሼ» ቢለው የሚሰማው ፍቅር ሳይሆን ኪራይ የተጠየቀ ያህል ነው። «ወንድሜ» ብትይው ደግሞ የባሰ ነው፤ በፍቅር ታሪክ ውስጥ የሥጋ ዝምድና ታመጫለሽ። ስለዚህ «ፒ»ን እንዳለ ተዪው፤ በመጀመሪያው ክፍል አንድ ጊዜ አስረጂ፣ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል። ሴት ልጅ የሚበልጣትን ወንድ የምትጠራበትን የኮሪያን «ኦፓ» ስንት የአዲስ አበባ ልጅ ያለ ትርጉም ያውቀው የለምን? በዐረፍተ ነገር ማብቂያ ላይ የሚሰማውን «ክራፕ» ግን ዝለዪው፤ ወንዶች ንግግራቸውን ትሕትና ለማልበስ የሚጨምሩት ነው፤ አማርኛሽ ራሱ ትሑት ከሆነ በቂ ነው።

እንግሊዝኛው የሚደብቅሽ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በታይላንድ ወንዶች ጓደኛሞች ራሳቸውን «ኩ»፣ ሌላውን «መውንግ» ይላሉ። ለማያውቁት ሰው ቢሉት ስድብ ነው፤ ለባልንጀራ ሲሆን ግን የመቀራረብ ምልክት ነው። ፍቅር ሲገባ ከሁለቱ አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ሳያስበው፣ ያንን ትቶ ጓደኛውን በስሙ ወይም በለዘበ ቃል መጥራት ይጀምራል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ሻካራውም የለዘበውም አጠራር አንድ ቃል ናቸው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ተመልካቾች ለምን ልጁ እንደ ደነገጠ ሳይገባቸው ያልፋል። አንቺ ግን መሣሪያው አለሽ። ቀድሞ «ስማ አንተ!» ስትይ የቆየሽውን በዚያች ቅጽበት «ዬ» ጨምረሽ በስሙ ጥሪው። አማርኛ በአንዲት ቀለም ያን ያህል መንገድ ይሄዳል፤ የምትተረጉሚላት ጓደኛሽም ማንም ሳያስረዳት ይገባታል።

በ«አንተ»ና በ«እርስዎ» መካከል ያለው ርቀትም ሀብትሽ ነው፤ ነገር ግን በሁሉ ቦታ አትበትኚው። በ2018 በጃፓን የወጣው «ኦሳንስ ላቭ» ውስጥ በዕድሜ የገፋ የክፍል ኃላፊ የ33 ዓመት ሠራተኛውን ይወዳል፤ ሠራተኛው በድንጋጤ እየተንተባተበ በአክብሮት እንቢ ይለዋል። «እርስዎን… ማለቴ… ያከብሩኝ እንደሆነ…» እያለ ሲያመልጥ አስቢው! እንግሊዝኛ ይህን ሳቅ ሊያመጣው አይችልም። በ2022 የወጣው የኮሪያው «ሴማንቲክ ኤረር» ግን ሌላ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪው፣ በቡድን ሥራው ላይ ምንም ሳይሠሩ ስማቸውን ብቻ የሚያስጽፉትን ሰዎች ስም ከዝርዝሩ ላይ ይሰርዛል፤ ከተሰረዙት አንዱ በዚህ ምክንያት ሳይመረቅ ቀረ። (ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያንን ሰው ያውቀዋል፤ እኔም አንድ ልሰርዘው የሚገባኝ ነበረ።) ታናሹ ታላቁን በኮሪያኛ የአክብሮት ቋንቋ ነው የሚያናግረው፤ ሆኖም በአማርኛ «እርስዎ» ብታስብዪው፣ በእኛ ግቢ ውስጥ ማንም ተማሪ ለሲኒየሩ እንዲያ ስለማይል የውሸት ይሆናል። እዚያ «አንተ»ን ያዢ፤ ርቀቱን በዐረፍተ ነገሩ ቁጥብነት አሳዪ፤ ሙሉ ስሙን ይጥራው፣ አይቀልድ፣ አያሳጥር። ሲለዝብ ያኔ ይታወቃል።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ከእነዚህ ድራማዎች በብዙዎቹ አንዱ ልጅ ለሌላው «የምወደው ሰው አለ» ብሎ ማንነቱን ሳይናገር ይቆያል፤ ቋንቋዎቹ ወንድና ሴት ስለማይለዩ ሰሚው «ማናት?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኛም እንሠቃያለን። አማርኛ ግሱ ላይ ሁሉን ይናገራል፤ «የምወዳት» ካልሽ ዋሸሽ፣ «የምወደው ልጅ» ካልሽ ምሥጢሩን አወጣሽ። መውጫው «ሰው» የሚለው ቃል ነው። «የምወደው ሰው» ሲባል ሰሚው ቃሉን በጥቅሉ ሊወስደው ይችላልና ምሥጢሩ በቦታው ይቆያል። ከዚያ ሰሚው «ማን ናት?» ሲል ተናጋሪው ደጋግሞ «ሰውዬ፣ ሰው ነው አልሁህ» ብሎ ይለፈው። ይህን በደንብ ከሠራሽው፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያንቺ ደብተር ወደ ዋናው ንግግር ይቀርባል።

ጽሑፉን ከምስሉ ጋር እያስተያየሽ ለማንበብ ከፈለግሽ በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ሰዓቱን ከላይ ዓረፍተ ነገሩን ከታች እያደረግሽ ጻፊው። ቪዲዮውን ግን ቆርጠሽ መልሰሽ አትጫኚ፤ ከባለቤቶቹ የዩቲዩብ ገጽ ላይ እዩት፣ ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ ካደረጋችሁት ለአራት ሰው ወጪው አይከብድም።

የሚቀጥለውን እሑድ ስትጨርሱ፣ «ዬ» የተጨመረባት ቦታ ላይ የምትተረጉሚላት ጓደኛችሁ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።